የጠፍጣፋ ድምፅ ማጉያ ሽቦ፤ ስለ ጥገናውና ስለ ታሪክ ምስክርነቱ

የአንድ መሣሪያ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ማን እንደ ፈለሰፈውና መቼ ለገበያ እንደ ወጣ ነው። ካረጀ በኋላ በምን እንደ ተጠገነ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ የተዘነጋ ክፍል ሲሆን፣ ለምሳሌ የመረጥነው በአሜሪካ የተሠራውን ማግኔፕላናር የተባለ ጠፍጣፋ ድምፅ ማጉያ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የዚህ ድምፅ ማጉያ ፈልሳፊ ጂም ዋይኒ የስሪ ኤም ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። በ1969 በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ በኋይት ቤር ሌክ ከተማ፣ ማግኔፓን የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ ለፈጠራውም በ1972 የባለቤትነት መብት ተሰጠው። ቀደም ብሎ በ1957 በእንግሊዝ አገር የወጣው የኳድ ጠፍጣፋ ድምፅ ማጉያ የሚሠራው በከፍተኛ ቮልቴጅ ነበር። ዋይኒ ግን በማግኔት ተጠቀመ። ይኸውም እንደ ከበሮ ቆዳ በተወጠረ ስስ የፖሊስተር ፕላስቲክ ላይ ረጅም ሽቦ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ በሙጫ ይለጠፋል፤ በአንድ ወገኑም ቀዳዳ በበዛበት የብረት ሰሌዳ ላይ የማግኔት ጠፍሮች ይደረደራሉ። የሙዚቃው ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ሽቦው ከነፕላስቲኩ ይርገበገባል፤ ድምፅ የሚሆነውም ይኸው እንቅስቃሴ ነው።

ሽቦው ከአሉሚኒየም መሠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ኩቢክ ሴንቲሜትር አሉሚኒየም 2.7 ግራም ሲመዝን፣ የዚያው መጠን መዳብ 8.96 ግራም ይመዝናል። ፕላስቲኩ እጅግ ቀላል ስለ ሆነ የሚሸከመው ሽቦም ቀላል መሆን አለበት። በ1886 ሆል በአሜሪካ፣ ኤሩ በፈረንሳይ፣ አሉሚኒየምን በኤሌክትሪክ የማውጣት ዘዴ ባያገኙ ኖሮ እንዲህ ያለ ርካሽ ሽቦ ባልተገኘም ነበር።

ዳሩ ግን በዘመን ብዛት ሙጫው በብርሃንና በእርጥበት ይደክማል። ሽቦው ከፕላስቲኩ ሲላቀቅ መንዘር ይጀምራል፤ ቀጥሎም ይበላሽና ይበጠሳል። በዚህ ጊዜ በቤቱ የሚጠግን ሰው በቅርብ የሚያገኘው ሞተር የሚጠቀለልበትን የመዳብ ሽቦ ነው። ውፍረቱ እኩል የሆነ መዳብ ቢለጥፍ ክብደቱ 3.3 እጥፍ ይሆናል፤ 4 ኦም የነበረውም መከላከያ ወደ 2.5 ኦም ገደማ ስለሚወርድ አምፕሊፋየሩ ይጨነቃል። ኦሙን ለማስተካከል ቀጭን መዳብ ቢመርጥ እንኳ ክብደቱ ከአሉሚኒየሙ እጥፍ ያህል ነው።

ስለዚህ መፈለግ ያለበት ቀለም የተቀባ፣ ማለት ኤሌክትሪክ እንዳያሳልፍ የተሸፈነ፣ የአሉሚኒየም ሽቦ ነው። ይህ ለትራንስፎርመርና ለሞተር ይመረታል፤ የሚሸጠው ግን በትልልቅ ጥቅል ነው። ሌላው ምንጭ ከጥቅም ውጭ የሆነ ተመሳሳይ ድምፅ ማጉያ ነው። ሦስተኛው በላዩ ስስ መዳብ የለበሰ የአሉሚኒየም ሽቦ ሲሆን፣ ትንሽ ቢከብድም ለብየዳ ይመቻል፤ ራቁቱን አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ስለሚሸፈን የተለመደው የቆርቆሮና የእርሳስ ብየዳ አይዘውምና። ከመግዛት በፊት የአሮጌውን ሽቦ ሽፋን ፍቆ ውፍረቱን በማይክሮሜትር መለካት፣ የአንድ ሜትሩንም ኦም ማወቅ ይገባል። አንዳንዶቹ ሞዴሎች በክብ ሽቦ ፈንታ ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ጥብጣብ ስላላቸው አስቀድሞ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የአንድ መሣሪያ ዕድሜ የሚወሰነው በፈልሳፊው ብልሃት ብቻ ሳይሆን ለሌላ ሥራ በሚመረት ዕቃ ጭምር ነው፤ ለትራንስፎርመር የአሉሚኒየም ሽቦ የሚጠቀልል ቢጠፋ የሙዚቃው መሣሪያም ዝም ይላል። ሁለተኛ፣ በመዳብ የተጠገነ ማግኔፕላናር መልኩ የ1970ዎቹ ቢሆንም ድምፁ የዚያ ዘመን ምስክር አይሆንም። እንግዲህ ጥንታዊ መጽሐፍ ሲጠረዝ የአሮጌው ጥራዝ ቍራጭ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ ጠጋኙም የወጣውን ሽቦ ቍራጭ ያስቀምጥ፤ የአዲሱን ውፍረት፣ ኦምና የሙጫውን ዓይነት ከመሣሪያው ጀርባ ጽፎ ይለጥፍ። ነገ ስለዚያ ዘመን ድምፅ የሚመራመር ተማሪ በጆሮው የሚሰማው የዋይኒን ሥራ ይሁን የጠጋኙን ለይቶ የሚያውቀው በዚህች ወረቀት ነው።