ስምንተኛው ሺህ መቼ ገባ?

ኑሮ ሲወደድ፣ ጦርነት ሲሰማ፣ ልጅ አባቱን ሲሰድብ እናቶቻችን «ስምንተኛው ሺህ!» ይላሉ። አሁን ደግሞ ፌስቡኩ ሁሉ የመካከለኛው ምሥራቅን ጦርነት ከራእየ ዮሐንስ ጋር እያገናኘ ቀን መቁረጥ ይዟል። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

በባሕረ ሐሳባችን ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። 1500 ሲደመርበት 7000 ይሞላል። ስለዚህ ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓ.ም ነው። ገና ሊገባ አይደለም፣ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል!

የዚያን ዘመን ሰዎች ግን የምር ፈርተው ነበር። ዐፄ ናዖድ ስምንተኛውን ሺህ እንዳያይ ጸለየ ይባላል። እውነትም 1500 ዓ.ም ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዐረፈ። ዙፋኑን የወረሰው ልብነ ድንግል ገና ልጅ ነበር። በ1521 ዓ.ም ሽምብራ ኩሬ ላይ ተሸነፈ፤ ከዚያ ወዲያ ስደት፣ ረሃብ፣ የተቃጠለ ቤተ ክርስቲያንና መጽሐፍ ነው። ያኔ «ዓለም አለቀች» ያለ ሰው ቢኖር ማን ይፈርድበታል?

ፍርሃቱ የእኛ ብቻም አልነበረም። የሩሲያዎቹ ቁጥር ከእኛ ትንሽ ስለሚለይ 7000 የሞላላቸው እ.ኤ.አ. በ1492 ነው። የፋሲካ ማውጫ ሰንጠረዣቸው እዚያ ላይ ያበቃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፋሲካ የሚኖር አልመሰላቸውማ! ዓመቱ አለፈ። የሞስኮው ሜትሮፖሊታን ዞሲማ ለሚቀጥሉት ዓመታት አዲስ ሰንጠረዥ ማውጣት ግድ ሆነበት።

ይህን የምለው ክርስቶስ አይመጣም ለማለት አይደለም። ይመጣል፣ በጸሎተ ሃይማኖት በየቀኑ የምንለው ነው። የማልስማማው በቀን ቆራጮቹ ነው። ማቴዎስ 24ን አንብቡት፤ ጌታ ስለ ጦርነት ሲነግራቸው እንዳይደነግጡ አዘዛቸው እንጂ ካላንደር አልሰጣቸውም። በተሰሎንቄ ሥራ ፈተው የተቀመጡትንም ጳውሎስ እንዴት እንደገሠጻቸው እዩ። ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ዓለም ሊያልቅ ምን ያስተምረኛል? ኮሌጁን ላቋርጥ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ዝም ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው። አንተ ልጅ፣ ፈተናህን ተፈተን!

የእኛ ሊቃውንት እንደሆነ ስምንተኛው ሺህ ከገባም በኋላ መቁጠር አላቆሙም። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ባሕረ ሐሳቡን አውጥተው ጾመ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾምና ትንሣኤ የሚውሉበትን ቀን ለምእመኑ ያውጃሉ። የከርሞውን፣ የዛሬ አሥር ዓመቱን ፋሲካ ብትጠይቋቸውም አስልተው ይነግሯችኋል።