ግንብ የሚያሳየው ራስ ምታት

ጋዜጣ እያነበባችሁ ነው እንበል። ድንገት ካነበባችሁት ቃል ግማሹ ይጠፋል። ቀጥሎ አንዲት ነጥብ መብለጭለጭ ትጀምርና ጠርዟ እንደ መጋዝ ጥርስ እየተሰበረ ወደ ዳር ትሰፋለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ ራስ ምታቱ ይከተላል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ሐኪሞች ኦራ ያለው ማይግሬን ይሉታል።

ብዙ ሰው ዓይኔ ሊጠፋ ነው ብሎ ይደነግጣል። ነገር ግን ዓይን ቢጨፈንም ብልጭታው አይጠፋም፤ ችግሩ ያለው አንጎል ውስጥ ነዋ!

ይህ እንዴት ታወቀ? መንገዱን የጠረጉት ታማሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። በግሪንዊች የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ የነበረው ጆርጅ ኤሪ እ.ኤ.አ. በ1865 በራሱ ላይ የደረሰውን ጽፎ አሳተመ። ሐኪም የሆነው ልጁ ሂዩበርትም ያው ሕመም ነበረበት። በ1870 የሚያየውን ደረጃ በደረጃ ሥሎ አቀረበ፤ ቅርጹንም ማዕዘን ከበዛበት የከተማ መከላከያ ግንብ ጋር አመሳሰለው።

በ1941 ደግሞ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካርል ላሽሊ የራሱን ብልጭታ ስፋት በየደቂቃው ወረቀት ላይ እያሰፈረ አሰላ። አንድ ነገር ለማየት በሚያገለግለው የአንጎል ክፍል ላይ በደቂቃ 3 ሚሊሜትር ገደማ እየተጓዘ ነው አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ብራዚላዊው አሪስቲድስ ሌያው ስለሚጥል በሽታ ሲያጠና፣ በጥንቸል አንጎል ላይ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴን ዝም እያሰኘ በዝግታ የሚስፋፋ ማዕበል አገኘ። ሁለቱን ፒተር ሚልነር ያገናኛቸው በ1958 ነው።

በመጨረሻ በ2001 ኑሺን ሃጂካኒና ባልደረቦቿ ማዕበሉን በኤምአርአይ ያዙት። ከታማሚዎቹ አንዱ ሕመሙን የሚቀሰቅሰው ቅርጫት ኳስ በመጫወት ነበር! የላሽሊ ስሌትም ብዙ አልሳተም።

እንግዲህ ጓደኛችሁ «ብርሃን እየታየኝ ነው» ሲላችሁ «ድካም ነው፣ ተኛ» ብላችሁ አትለፉት። ምን እንዳየ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ጠይቁትና ይጻፈው፤ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ፣ አንድ ዓይን ብቻ ከጋረደ፣ ወይም እጅ ካዛለና አንደበት ካሰረ ግን ጽሑፉ ይቅር፤ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት።