ከማዶ ጥሪ እስከ ደረት አንቴና

ጋይንት ውስጥ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚነሣው ድምፅ ነበር። አንዱ ጉብታ ላይ ቆሞ ይጣራል፣ የማዶው ይቀበላል፣ ጎልማሶቹ ቃሬዛ ይዘው ይሰበሰባሉ። አባቴም ተሸካሚ ነበር። ሸክሙን ማንም አይፈራውም፤ የሚፈራው መዘግየቱ ነው። ጥሪው ሳይደርስ ባለፈው ሰዓት ስንት ወላድ እንዳጣን እኛ እናውቃለን።

በደርግ ዘመን ቻይናውያን የወረታ–ወልዲያን መንገድ ሠሩ፤ ሕመምተኛን ከንፋስ መውጫ ደብረ ታቦር በመኪና ማድረስ ተቻለ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ ሞባይልም ተከተለ። ነገር ግን ስልክ የሚሠራው የሚደውል ሰው ሲኖር ነው። ራሱን የሳተ ሕመምተኛ አይደውልም።

የሕመምተኛውን ልብ ራሱን የማናገር ጥረት በሌላ አገር ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ኖርማን ሆልተር የተባለ አሜሪካዊ ሞንታና ውስጥ የልብን ምት በሬዲዮ ለመላክ 38 ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ በጀርባ የሚታዘል መሣሪያ ሠራ። 38 ኪሎ ለጋይንት ገበሬ የገበያ ቀን ሸክም ነው፤ የልብ ሕመምተኛ ግን አይችለውም። ትራንዚስተር መጥቶ መሣሪያው ሲያንስ አስቸጋሪው አንቴናው ሆነ፤ መጠኑ ከሞገዱ ርዝመት ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንዳሻን አናሳጥረውም። በ2.4 ጊጋኸርዝ ድግግሞሽ የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሩቡ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ደረት ላይ ይለጠፋል። እዚህ ላይ ሰውነት ራሱ ያውካል፤ ውኃ የበዛበት ነውና ሞገዱን ይውጣል፣ አንቴናውንም ከተሠራለት ድግግሞሽ ያወርደዋል። መሐንዲሶቹ ለዚህ በአንቴናውና በቆዳው መሐል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጨርቅ ያነጥፋሉ።

ለእኛ ደጋ ግን ትልቁ ፈተና ዝናቡ ይመስለኛል። ጨርቅ ላይ የተሠራ አንቴና ውኃ ሲጠጣ ድግግሞሹ ይወርዳል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ሐምሌ ላይ የጉና ደመና ሲወርድ ያልራሰ ጋቢ ማን አለው? ደግሞም ደረት ላይ ያለው አንቴና ሩቅ አይደርስም፤ መልእክቱን ኪስ ውስጥ ላለው ስልክ ያቀብላል፣ ስልኩ ደግሞ ለታወሩ። በሽሎ ሸለቆ፣ ገደል ሥር፣ ታወሩ ከተጋረደ መልእክቱ እዚያው ይቀራል። የጥንቱ ተጣሪ ጉብታ የሚወጣው ለዚሁ ነበር።

በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ምሕንድስና የምትማሩ ልጆቻችን፣ አንቴናችሁን ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻ አትለኩት። ክረምት ላይ ስማዳ ውረዱ፤ የራሰ ጋቢ በለበሰ ሰው ደረት ላይ ለኩት።