የባሕር እንስሳት ወዳጆችና የዓሣ አጥማጆች ቃል፦ ከሶባ እስከ ቀይ ባሕር

ከጣና የሚወጣው ዐባይ ካርቱም ላይ ከነጭ ዐባይ ጋር ሊገናኝ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው በምሥራቅ ዳርቻው ላይ ሶባ የምትባለውን የፈረሰች ከተማ ያልፋል። ሶባ በመካከለኛው ዘመን የዓልዋ የክርስቲያን መንግሥት መናገሻ ነበረች። ዓልዋ የሚለው ስም ለታሪክ መምህራን እንግዳ አይደለም፤ በ4ኛው ምዕተ ዓመት ንጉሥ ኢዛና ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ተጠቅሶ ይገኛል። በ10ኛው ምዕተ ዓመት ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ የተባለው መልእክተኛ የሶባን ያማሩ ሕንፃዎች፣ ወርቅ የበዛባቸውን አብያተ ክርስቲያናትና የአትክልት ቦታዎች አድንቆ ጽፏል። ዛሬ የሚታየው ግን ጉብታና የጡብ ስብርባሪ ነው፤ ከጡቡም ብዙው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ካርቱም ስትቆረቆር ለቤት መሥሪያ ተወስዷል። የሱዳን ሰዎች አንድ ነገር ፈጽሞ መጥፋቱን ለመግለጽ እስከ አሁን ድረስ የሶባን ጥፋት በምሳሌነት ያነሣሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ባሕር እንስሳት ለመጻፍ ተነሥተን ከሶባ መጀመራችን አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ከሶባ እስከ ቀይ ባሕር ድረስ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በረሓ አለ። ነገር ግን ሰው የባሕርን ፍጡር የሚወደው ባሕር ዳር ስለ ተወለደ ብቻ አይደለም። ከካርቱም በስተሰሜን፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው ካደሮ በተባለ ሥፍራ ከ1972 ጀምሮ የፖላንድ አርኪኦሎጂስቶች ቁፋሮ አካሂደው ነበር። በዚያ ከ6 ሺህ ዓመታት በፊት ከተቀበሩት ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ከቀይ ባሕር በመጡ ትንንሽ ዛጎሎች አጊጠው ተገኝተዋል። ዛጎሉን አንገታቸው ላይ ካሰሩት ሰዎች ብዙዎቹ ባሕሩን አይተውት እንደማያውቁ መገመት አያስቸግርም። አንድ ሰው ከውኃው አንሥቶ ለሌላው ሰጠ፤ ያም ለሌላው አሳለፈ፤ እንዲህ እየተባለ የባሕሩ ፍጡር መሐል አገር ገባ።

ዛጎል ግን ቀላል ነው። አይበሰብስም፤ ከኪስም ይገባል። ዓሣውን፣ ኮራሉን፣ ጄሊ የመሰለውን ተንሳፋፊ ባሕሩን ላላየ ሰው እንዴት ማሳየት ይቻላል? የባሕር እንስሳት ወዳጆች ታሪክ በአብዛኛው ይህን ችግር ለማሸነፍ የተደረገ የትግል ታሪክ ነው። ቀይ ባሕርም በዚህ ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ሥፍራ አለው።

በ1761 የዴንማርክ ንጉሥ ፍሬድሪክ 5ኛ ስድስት ሰዎች ያሉበትን የጥናት ጓድ ወደ ዓረብ አገር ላከ። ከነዚህ አንዱ ሄልሲንኪ የተወለደውና የታዋቂው የሊኔየስ ደቀ መዝሙር የነበረው ፔተር ፎርስካል ነው። ፎርስካል በግብፅ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ዓረብኛ ከተማረ በኋላ በ1762 ከሱዌዝ በመርከብ ተነሥቶ በጂዳ በኩል የመን ገባ። በየወደቡ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲጎትቱ ከአጠገባቸው እየተገኘ የያዙትን ያይ፣ ይለካና ይጽፍ ነበር።

ዓሣውን ጠብቆ ለማቆየት የተጠቀመበት ዘዴ ቀላል ሆኖ ያስደንቃል። የዕፅዋት ተመራማሪ ቅጠልን በወረቀት መካከል ተጭኖ እንደሚያደርቅ ሁሉ፣ እሱም የዓሣውን የአንድ ጎን ቆዳ ከነክንፉ ገፎ፣ አድርቆ ወረቀት ላይ ለጠፈው። ወደ 100 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ የደረቁ ዓሦች እስከ ዛሬ በኮፐንሃገን ሙዚየም ተጠብቀው ይገኛሉ። እርሱ ራሱ ግን አገሩን ዳግመኛ አላየም። በሐምሌ 1763 የመን ውስጥ ያሪም በምትባል ከተማ በ31 ዓመቱ በወባ ሞተ። ከስድስቱ መንገደኞች በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ሲሆን፣ የጓደኛውን ማስታወሻ አሰባስቦ በ1775 ያሳተመው እርሱ ነው።

እኛ ከሁሉ በላይ ትኩረት የምንሰጠው ፎርስካል ለዓሦቹ ላወጣላቸው ስሞች ነው። በዚያ ዘመን አንድ ሊቅ አዲስ ያገኘውን እንስሳ በላቲን ወይም በግሪክ ቃል፣ አለዚያም በባለጸጋ ደጋፊው ስም መሰየሙ የተለመደ ነበር። ፎርስካል በብዙ ቦታ ይህን ትቶ፣ ዓሣውን በመረቡ የያዘው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠየቀና ያንኑ ቃል ጻፈ። ሶሃል፣ ቦሃር፣ ሐሪድ፣ ጎባን፣ ሐምሩር፣ እነዚህ ሁሉ ከዓረብ ዓሣ አጥማጆች አፍ የተወሰዱ ሲሆኑ ዛሬ የሳይንስ መጠሪያዎች ናቸው። በየሞቃቱ ባሕር የሚኖሩት ባለመስመር ትንንሽ ዓሦች በወገን ስማቸው አቡደፍዱፍ ይባላሉ፤ ቃሉ ያው የዓሣ አጥማጆቹ ነው። ሶሃል የተባለው፣ ከጭራው አጠገብ ግራና ቀኝ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ እሾህ ያለው ቁጡ ዓሣ፣ በዓለም ዙሪያ በአኳሪየም ወዳጆች ዘንድ የታወቀ ነው። አኳሪየም ማለት ለዓሣና ለሌሎች የውኃ ፍጥረታት ማኖሪያ የተሠራ የመስታወት ገንዳ መሆኑን ተማሪዎች ልብ ይሏል። የዚህን ገንዳ መግለጫ የሚያነበው የቶኪዮ ወይም የኒውዮርክ ሰው ስሙ ሳይጻፍለት የቀረውን የቀይ ባሕር ዓሣ አጥማጅ ቃል ሳያውቀው ይደግመዋል። ሐሪድ ደግሞ ኮራልን በጥርሱ እየፈጨ ወደ አሸዋ የሚለውጥ ዓሣ ነው፤ የፋራሳን ደሴቶች ሰዎች በየዓመቱ በመንጋ ሲመጣላቸው በዓል ያደርጉለታል።

ፎርስካል ከግብፅ ዐባይም የወሰደው ስም አለ። የካርቱም ሰው ባያድ የሚለውን ትልቅ ዓሣ ሳይንስ ባግሩስ ባያድ ይለዋል። እንግዲህ በሶባ ሥር በሚያልፈው ውኃ ውስጥ የሚዋኘው ዓሣ በገበያም በሊቃውንት መጽሐፍም አንድ ስም አለው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስምምነት በሳይንስ ዓለም ብዙ ጊዜ አያጋጥምም።

ከፎርስካል በኋላ የመጡት ሁለት ጀርመናውያን ጓደኛሞች ሄምፕሪክና ኤረንበርግ ናቸው። በ1820 ከአገራቸው ወጥተው በግብፅ፣ በሲናና በቀይ ባሕር ዳርቻዎች ተዘዋወሩ፤ በሺህ የሚቆጠሩ እንስሳትና ዕፅዋትም ሰበሰቡ። በ1825 ምጽዋ ሲደርሱ ግን ሄምፕሪክ በትኩሳት ተይዞ በ29 ዓመቱ እዚያው ሞተ። ኤረንበርግ ብቻውን ወደ በርሊን ተመለሰና ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች ያጠናውን በ1834 አሳተመ። ከጉዞው የተገኘውን ሥራ ሲያወጣም የሟቹን ጓደኛውን ስም ከራሱ ስም ጋር እያኖረ ነበር።

ኤድዋርድ ሩፔል ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የቀረበ ነው። የፍራንክፈርት ሰው ሲሆን፣ በ1831 ምጽዋ ገብቶ የቀይ ባሕርን ዓሦች ካጠና በኋላ ወደ ደጋው ወጥቶ በስሜን በኩል ጎንደር ደረሰ። ጭላዳ ዝንጀሮንና የስሜንን ቀይ ቀበሮ ለሳይንስ ያስተዋወቀው እርሱ ነው። የሰበሰበውን ሁሉ ለትውልድ ከተማው ሙዚየም በነጻ ሰጥቷል። (ከኢትዮጵያ የወሰዳቸው የግዕዝ መጻሕፍትም አብረው ፍራንክፈርት መቅረታቸውን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም፤ ዓሣ በሺህ ይራባል፣ የብራና መጽሐፍ ግን አይራባም።) ሩፔል ከጣና ዓሦችም ጥቂቶቹን ገልጾ ስም አውጥቶላቸዋል። ስለዚህ ጉዳይ ኋላ እንመለስበታለን።

የደረቀ ቆዳ ቀለሙን ያጣል፤ አልኮል ውስጥ የተዘፈቀ ዓሣም እንዲሁ ነው። የባሕር ፍጡርን በሕይወቱ መሐል አገር ማቆየት የተቻለው በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ነው። በ1846 አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት ከባሕር ዳር ያገኘቻቸውን ኮራሎች ለንደን ቤቷ አምጥታ በሕይወት አቆየቻቸው። ዘዴው የባሕሩን ውኃ በየቀኑ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጡ አየር እንዲገባበት ማድረግ ነበር። ይህን አድካሚ ሥራ የምትሠራው የቤት ሠራተኛዋ ነበረች፤ የእርሷም ነገር እንደ ዓሣ አጥማጆቹ ሆኗል፤ ኮራሎቹ በታሪክ ሲነሡ የገለበጠችው እጅ አይነሣም። በ1853 በለንደን የእንስሳት ማሳያ ሥፍራ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የዓሣ ቤት ተቋቋመ፤ በ1854 ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ያሳተመው መጽሐፍ አኳሪየም የሚለውን ቃል ከአፍ ወደ አፍ አዳረሰው።

ፍቅሩም ወረርሽኝ ሆነ። የጎስን መጻሕፍት ያነበበ ሁሉ ባልዲና መዶሻ ይዞ ወደ ባሕር ዳር ወረደ። ልጁ ኤድመንድ ጎስ በ1907 ባወጣው መጽሐፍ፣ አባቱ ያስተዋወቃቸው በዓለት መካከል የነበሩ ውብ ኩሬዎች በሰብሳቢዎች እጅ ተራቁተው መቅረታቸውንና ይህም ሽማግሌውን ምን ያህል እንዳሳዘነው ገልጿል። ያሳየው ሰው የወደደውን ነገር እንዲጠፋ አደረገው። በእኛ አስተያየት ከዚህ ታሪክ ሁሉ ለተማሪ ውይይት የሚበቃው ጥያቄ ይኸው ነው።

በሱዳን ጠረፍ የተሠራው ሥራ መልኩ ይለያል። ሲሪል ክሮስላንድ የተባለው የባሕር ሳይንስ ሊቅ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን በምትገኘው ዶንጎናብ ተቀምጦ፣ እስከ 1922 ድረስ የሉል ዛጎልን እንደ እርሻ ዘር ለማራባት ሞክሯል። ስለ በረሓውና ስለ ኮራሉ የጻፈው መጽሐፍ በ1913 ታትሟል። በጠላቂዎችና በጀልባ ሠራተኞች መካከል ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ስለ ነበረ፣ መጽሐፉ ስለ ዓሣና ዛጎል ብቻ ሳይሆን ስለ ሰዎቹም ኑሮ ይናገራል።

ከዚያ ወዲያ ካሜራ መጣ። ኦስትሪያዊው ሃንስ ሃስ በፖርት ሱዳን አካባቢ ውኃ ውስጥ ገብቶ ያነሣው ፊልም በ1951 ታየ። ፎልኮ ኩዊሊቺ ከኢጣሊያ የጠላቂዎች ጓድ ጋር በዳህላክ ደሴቶች ያነሣው ደግሞ በ1954 ወጣ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የፈረንሳዩ ዣክ ኢቭ ኩስቶ በ1963 በሱዳን ጠረፍ ሻዓብ ሩሚ በተባለው የኮራል አለት ላይ ያደረገው ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ የብረት ቤት ተክሎ አምስት ሰዎች አንድ ወር ሙሉ በውስጡ እንዲኖሩ አደረገ። ሰዎቹ በመስኮት ውስጥ ተቀምጠው ዓሦቹ ከውጭ ቆመው ያዩዋቸው ነበር። አኳሪየሙ ተገለበጠ ማለት ነው። ፊልሙም ባሕር ላላየ የዓለም ሕዝብ ቀይ ባሕርን አሳየ። በዚያን ጊዜ ከተተከሉት ነገሮች ቅሪት አሁንም በሥፍራው አለ፤ ኮራል በቅሎበታል። በዚያው ጠረፍ የሚገኙት የሳንጋኔብ የኮራል አለትና የዶንጎናብ ባሕረ ሰላጤ በ2016 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ካርቱም ራሷ ደግሞ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነበራት። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚተዳደረው ይህ ሙዚየም የደረቁና በፈሳሽ የተጠበቁ የእንስሳት ናሙናዎችን ብቻ ሳይሆን አዞ፣ እባብ፣ አርጃኖና ሌሎች እንስሳትንም በሕይወት ይዞ ለተማሪዎች ያሳይ ነበር። በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ፣ ሙዚየሙ ከጦሩ ጠቅላይ መምሪያ አጠገብ በመሆኑ፣ ጠባቂዎቹ ምግብና ውኃ ለማድረስ ሳይችሉ ቀሩ። እንስሳቱ በየቤታቸው እንደ ተዘጋባቸው አለቁ። ከብዙ አሥርተ ዓመታት ጀምሮ ሲሰበሰብ የኖረው ናሙናም ለጥፋት ተዳረገ። ከ260 ዓመት በፊት በወረቀት ላይ የተለጠፈ የዓሣ ቆዳ በኮፐንሃገን ደኅና ተቀምጦ ሳለ፣ የካርቱሙ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መጥፋቱ ያሳዝናል።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፣ ከተማሪዎቻችን አብዛኞቹ የባሕር ዓሣ የሚያውቁት በሥዕል ነው። ሐይቅና ወንዝ ግን አለን። በ1990ዎቹ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በጣና ውስጥ የሚኖሩት ባርበስ የተባሉት ትልልቅ ዓሦች 15 ያህል የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አረጋገጡ። ከአንድ ወገን የወጡ እንዲህ ያሉ ብዙ ዝርያዎች በአንድ ሐይቅ ውስጥ መገኘታቸው በዓለም ላይ ብርቅ ነው። ዓሦቹ ለመራባት ወደ ወንዞቹ በሚወጡበት ወቅት በየወንዙ አፍ መረብ ስለሚዘረጋባቸው ቁጥራቸው ክፉኛ ቀንሷል።

ከነዚህ መካከል ሩፔል በ1835 የሰየማቸው ሱርኪስ፣ ጎርጓሪና ነጅያ የሚባሉት ይገኛሉ። ስሞቹ ላቲን አይመስሉም፤ ጎርጓሪ የሚለው በተለይ ለአማርኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም። ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ የሚሉትን ሁላችንም እናውቃለን። ሐይቁ ላይ በታንኳ የሚውሉት ሽማግሌዎች ግን ዓሣውን በአፉ ቅርጽ፣ በጀርባው ቀለም፣ ወንዝ በሚገባበት ወር እየለዩ ይጠሩታል። በባሕር ዳር፣ በጎርጎራ፣ በዘጌና በደልጊ የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ እርሳስና ደብተር ይዘው ወደ ዳርቻው ወርደው፣ ለእያንዳንዱ ዓሣ ስሙን፣ የነገራቸውን ሰው ስምና የተያዘበትን ወር ቢጽፉ፣ ከዚያም ሦስቱ የሩፔል ቃላት ዛሬም በዓሣ አጥማጆች ዘንድ ይነገሩ እንደሆነ ጠይቀው ቢልኩልን፣ መልሱን በደስታ እንቀበላለን።