የከብት አርቢዎች መረዳዳት፤ ከቡሳ ጎኖፋ እስከ ወተት ማኅበር

ማኅበር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ማኅተም፣ ሊቀ መንበርና የወር መዋጮ ያለውን ነው። ነገር ግን ከሞጆ ወደ ባቱ (ዝዋይ) በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ከተማችንን ዓለም ጤናን በከበበው በስምጥ ሸለቆ አገር፣ ከብት አርቢው ማኅተም ሳያስቀርጽ ተማኅብሮ ይኖር ነበር።

በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ልማድ አለ። ይኸውም በድርቅ፣ በበሽታ ወይም በዘረፋ ከብቱ ያለቀበት ሰው ጉዳዩን ለጎሳው ያመለክታል፤ ጎሳውም መርምሮ እውነት መሆኑን ሲያረጋግጥ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ጊደር ወይም ላም ያዋጣለታል። የሚሰጠው ለምጽዋት ሳይሆን ሰውየው እንደገና አርቢ ይሆን ዘንድ ነው። ዛሬ የሰጠ ነገ ተቀባይ ሊሆን ስለሚችል ማንም በተቀባዩ አያፌዝም።

ይህ መልካም ሥርዓት ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ በመጡ ከብቶች በምፅዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ አገሩን ሁሉ አዳረሰ፤ ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ይህን ዘመን አባቶች ክፉ ቀን ብለውታል። የሚያርስ በሬ ስለታጣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለሕዝቡ አርአያ ሆኑ። አንድ ሰው ሲጎዳ መቶ ሰው ያቋቁመዋል፤ መቶውም በአንድ ቀን ሲጎዱ ግን ሰጪው ከየት ይመጣል?

ዘመናዊው የወተት ከብት እርባታ የመጣው ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለኢትዮጵያ ሰጠ። በ1960 ደግሞ በዩኒሴፍ እርዳታ በአዲስ አበባ ሾላ ላይ የወተት ማዘጋጃ ተቋቋመ። በእኛው ሸለቆ በአዳሚ ቱሉ አጠገብ የነበረው የአበርኖሳ እርባታ የቦረናን ላም ከፍሪዥያን እያዳቀለ ጊደሮችን ለገበሬው ያከፋፍል ነበር። የአገራችን ላም በቀን የምትሰጠው ወተት ከ2 ሊትር ብዙም ስለማያልፍ፣ ድቅሏን ያገኘ ሰው ቤቱ በወተት ሞላ። ይሁን እንጂ አዲስ ችግር ተወለደ፤ ወተቱን ማን ይግዛው?

በ1998 በቢሾፍቱ 34 አርቢዎች ተሰብስበው የአድአን የወተት ማኅበር አቋቋሙ። ለየብቻቸው ከነጋዴ ጋር ሲከራከሩ የነበሩት ሰዎች ወተታቸውን በአንድነት አቅርበው በአንድ ዋጋ መሸጥ ጀመሩ፤ በጥቂት ዓመታትም አባላቱ በመቶ ይቈጠሩ ጀመር።

እንግዲህ ያ የክፉ ቀን ጥያቄ፣ ምንም እንኳ እንደዚያን ጊዜ የሕይወትና የሞት ነገር ባይሆን፣ እዚህም ተመልሶ መጣ። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ላሟ ግን ጾም አታውቅም። ሁዳዴ ሲገባ የአንዱ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ወተት በአንድ ጠዋት ገዢ ያጣል። ጎረቤት ለጎረቤት የሚያዋጣው ነገር የለም፤ ጎረቤቱም ማሰሮው ሞልቶበታል። ስለዚህ ማኅበርተኞች የሚያስፈልጋቸው ከመዋጮ ይልቅ ወተቱን የሚያቈይ ዘዴ ነው፤ ቅቤውን መናጥ፣ አይቡን ማውጣት። ይህንንስ እናቶቻችን ያለ መኪና ሲሠሩት ኖረዋል፤ በሁዳዴ ያነጠሩትን ቅቤ ለፋሲካ ዶሮ ያደርሱታል።