የቡናው ባለቤት ማን ነበር?

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በቡና ንግድ ያደገች ከተማ ናት። መደብሯና መጋዘኗ የቆመው ከዙሪያው ቀበሌዎች ወደ ገበያ በሚወርደው ቡና ነው። ቡናውን በእንሰቱ መካከል ተክሎ ኮትኩቶ ያሳደገው የጌዴኦ አርሶ አደር ግን ለረጅም ዘመን የንብረቱ ባለቤት አልነበረም።

አካባቢው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአፄ ምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ ገበሬው ገባር ሆነ። ኋላም መሬቱ በቀላድ እየተለካ በባለርስቶች ስም ሲመዘገብ፣ አባት የተከለው ቡና በሰው መሬት ላይ እንደበቀለ ተቆጠረ። ጭሰኛው ከምርቱ እርቦ፣ ማለትም ከአራት አንድ እጅ፣ እንዲሰጥ ተጠየቀ። በ1952 ዓ.ም. ገበሬዎቹ «አንሰጥም» ብለው ተነሱ፤ ሚችሌ ላይ ጦር ይዘው ጠመንጃ ገጠሙ። ብዙዎች ወደቁ፤ ጥያቄው ግን አልሞተም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን አስቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 እንደሌሎች ከተሞች ሁሉ በዲላም የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ፣ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራውን ቋሚ ንብረት ግን የራሱ መሆኑን ደነገገ።

ይሁንና የዛፉ ባለቤት መሆን ብቻውን የዋጋው ባለቤት አያደርግም። ዋጋውን የሚቆርጠው ነጋዴው ነበር። በ1994 ዓ.ም. የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ሲቋቋም አርሶ አደሩ ቡናውን በራሱ ማኅበር ስም ለውጭ ገበያ የሚያቀርብበት በር ተከፈተ። የሚችሌ ጥያቄ ዛሬም የሚመለሰው በእያንዳንዱ ማኅበር ሚዛን ላይ ነው።