ከስምንት ዶላር አንድ ሳንቲም



የመንግሥት በጀት በሚደለደልበት ጊዜ ጠበቃ የማይቆምለት ሥራ የትኛው እንደ ሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁን? ትምህርት ቤት ሲጎድል ወላጅ ይጮኻል፤ መንገድ ሲበላሽ ነጋዴ አቤት ይላል። ደን ሲመነጠር፣ አፈር በጎርፍ ሲወሰድ፣ አራዊት ሲያልቁ ግን ማመልከቻ የሚጽፍ አይገኝም። ስለዚህም የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ በብዙ አገር ከሌላው ሥራ የሚተርፈውን ሲጠብቅ ይኖራል። ዛሬ የምንተርክላችሁ ይህን ልማድ ስለ ለወጠ አንድ ግዛት ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ መካከል የሚገኘው ሚዙሪ ነው። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ታላላቅ የእንጨት ኩባንያዎች ኦዛርክ ወደሚባሉት ደጋማ ኮረብቶች ገቡ። በግራንዲን ከተማ የቆመው የእንጨት መሰንጠቂያ በዘመኑ ከአገሪቱ ትልልቆቹ አንዱ ነበር። ጥዱ ተቈርጦ ባለቀ ጊዜ ኩባንያው መሣሪያውን ነቅሎ ሄደ፤ ለነዋሪው የተረፈለት ጉቶና የተራቈተ ኮረብታ ሆነ። ገበሬውም ለከብቱ ሣር እንዲበቅልለት ኮረብታውን በየጊዜው ያቃጥል ነበርና የታጠበው ጠጠር ወርዶ ወንዞቹን ሞላቸው። በ1925 በመላው ግዛት የቀሩት አጋዘኖች ከ400 እንደማይበልጡ ተገመተ።

ይህ ሁሉ ጥፋት የደረሰው ሕግ ባለመኖሩ አልነበረም። የአደን ሕግም፣ ሕጉን የሚያስፈጽም ሹምም ነበረ። ነገር ግን ሹመቱ የሚገኘው በፖለቲካ ወገንተኝነት ስለ ነበረ፣ አዲስ አገረ ገዥ በተመረጠ ቍጥር ሹሙም ዘበኛውም ይለወጣል። ዛሬ የተተከለው ችግኝ ዛፍ የሚሆነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ የተካዩ ሹመት ግን እስከሚቀጥለው ምርጫ ብቻ ነበር።

በ1935 አዳኞች፣ ዓሣ አጥማጆችና ሌሎች የተፈጥሮ ወዳጆች በኮሎምቢያ ከተማ ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። ጥያቄያቸውም በምክር ቤት በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለሕዝብ እንዲቀርብ አደረጉ። በኅዳር 1936 የግዛቱ ሕዝብ በሰፊ የድምፅ ብልጫ ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ። በዚህም መሠረት ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ አራት አባላት ያሉት ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ከአራቱም ከአንድ ፓርቲ ከሁለት በላይ እንዳይሆኑ ተደነገገ። ከአደንና ከዓሣ ማጥመድ ፈቃድ የሚሰበሰበውም ገንዘብ ለዚሁ ሥራ ብቻ እንዲውል በሕገ መንግሥቱ ተጻፈ።

በሚከተለው ዓመት በ1937 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አንድ የፌዴራል ሕግ ፈረሙ። ሕጉ በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ለአራዊት ጥበቃ ሥራ ለየግዛቶቹ እንዲከፋፈል ያዛል፤ ለሥራው ከሚወጣው ሦስቱን እጅ ማዕከላዊው መንግሥት፣ አንዱን እጅ ግዛቱ ይከፍላል። ነገር ግን የአደን ፈቃድ ገቢውን ለሌላ ጉዳይ የሚያውል ግዛት ከዚህ ገንዘብ ድርሻ እንደማያገኝ ተደንግጓል። እንግዲህ ይህን የመሰለ ቁልፍ በገንዘቡ ሣጥን ላይ ባይደረግ ኖሮ፣ በችግር ቀን ስንት እጅ ወደ ሣጥኑ ይዘረጋ እንደ ነበረ የበጀት ሥራ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል።

ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት ቀረ። የደኑ ጥላና የወንዙ ጥራት ለሕዝብ ሁሉ ሲሆን፣ ወጪውን አብዝቶ የሚከፍለው አዳኙና ዓሣ አጥማጁ ነበር። ስለዚህ በ1972 በለስላሳ መጠጥ ላይ ቀረጥ እንዲጣል የሚጠይቅ የሕዝብ ፊርማ ተሰበሰበ። ዳሩ ግን ሕግ የሚያዘው የማወጃ ሐረግ በወረቀቱ ላይ ሳይጻፍ በመቅረቱ ጥያቄው ለድምፅ ሳይቀርብ ቀረ። አንዲት ሐረግ የብዙ ሺህ ሰው ድካም ከንቱ አስቀረች!

ደጋፊዎቹ ተስፋ አልቈረጡም። ከ200,000 በላይ ፊርማ አሰባስበው በኅዳር 1976 ሌላ ሐሳብ አቀረቡ። ይኸውም በሽያጭ ላይ ከመቶ የአንድ ስምንተኛ ግብር እንዲከፈል ነው፤ ስምንት ዶላር የሚገዛ ሰው አንድ ሳንቲም ይጨምራል ማለት ነው። ሐሳቡ በጠባብ የድምፅ ልዩነት ጸደቀ። «ሐምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሐምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ዛሬ ከመሥሪያ ቤቱ ገቢ ከግማሽ የሚበልጠው ከዚህች ሳንቲም ይገኛል። የሚያስተዳድረውም መሬት አንድ ሚሊዮን ኤከር ያህል፣ በእኛ የቀድሞ ልክ ወደ 10,000 ጋሻ የሚጠጋ ነው። አጋዘኖቹም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነዋል።

ለአንድ ሥራ ብቻ ታስሮ የሚቀመጥ ገንዘብ ተቃዋሚ አያጣም፤ ተቃውሞውም መሠረት የለሽ አይደለም። የሽያጭ ግብር ለድኻው ይከብዳል። ደግሞም የሕዝብ እንደራሴዎች ሐኪም ቤት ሲቸገር ከደኑ ገንዘብ ወስደው ለመርዳት አይችሉም። ሚዙሪ ለሁለተኛው ነገር መልስ ያገኘው በ1984 ነው። በዚያ ዓመት ለመናፈሻዎችና ለእርሻ አፈር ጥበቃ ከመቶ የአንድ አሥረኛ የሽያጭ ግብር ሲፈቀድ፣ የጊዜ ገደብ ተደረገበት። ግብሩ በ1988፣ በ1996፣ በ2006ና በ2016 እንደ ገና ለሕዝብ ቀረበ። በመጀመሪያ በጥቂት ድምፅ ብቻ ያለፈው ሐሳብ በ2016 ከመቶ 80 ያህል ድምፅ አገኘ። ገበሬው እርከንና የጎርፍ መከላከያ ሲሠራ ከወጪው ከፊሉ ከዚህ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ቀሪውን ራሱ ይችላል። ወደ ግዛቱ መናፈሻዎች የሚገባ ሰው ደግሞ የመግቢያ ዋጋ አይጠየቅም።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ነገር ቢኖር የገንዘብ ብዛት ብቻውን ደን እንደማያለማ ነው። አንድ ዓመት በብዛት ተሰጥቶ በሚቀጥለው ዓመት የሚቋረጥ ገንዘብ፣ አንድ ቀን ጠጥቶ ሐምሌና ነሐሴን ያለ ዝናም እንደሚያሳልፍ ችግኝ ያደርጋል። ምንጩ የታወቀ፣ መዋያው በሕግ የተወሰነ፣ ሒሳቡም በየጊዜው ለባለቤቱ ለሕዝብ የሚቀርብ ገንዘብ ግን፣ ሳንቲም እንኳ ብትሆን ሹም ሲሻር አትሻርም። ደን የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ዛፍ የሚያድገው በምርጫ ዘመን ልክ አይደለምና።